ደቂቃ አስጎብኚ ሲመርጥ

«አባትሽ ብቻውን ይሂድ» አለች ሚስቱ በስልክ። «እኔ አብሬው ከሄድኩ፣ መንገድ ላይ ጥሎኝ የሚሄደው አውቶቡሱ አይደለም፤ አባትሽ ነው።»

ሰውየው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጢሙን እየተላጨ ነበር። በሩ እርጥበት ካሳበጠው ወዲህ አይገጥምም፤ ስለዚህ አንድም ቃል አላመለጠውም። ምላጩን አገጩ ላይ እንዳስደገፈ ቀረ። ሌላ ቀን ቢሆን ሳሙናውን እንኳ ሳይጠርግ ዘሎ ወጥቶ «ምን አልሽ አንቺ?» ይል ነበር። ዛሬ እግሩን የያዘው የንግግሯ ቃና ነው። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፣ ድምፅዋንም ዝቅ አላደረገችም። «ሰማዩ ጠቁሯል፣ የተሰጣውን ልብስ አስገቢ» በምትልበት ድምፅ ነበር የተናገረችው። ልጃቸው በወዲያኛው ጫፍ አንድ ነገር ብላ ኖሮ ሚስቱ ሳቀች። «ተይው ባክሽ፣ ተፈጥሮው ነው» ብላ ስልኩን ዘጋችና ሰሃኖቿን ማጠብ ቀጠለች። ሰውየው የቀረውን ግማሽ ፊቱን ሲላጭ አገጩን ቆረጠው።

ነገሩን ያመጣችው ልጃቸው ናት። ደህና ሥራ ያላት፣ ራሷን የቻለች ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ዕድሜ ልካቸውን ባሕር አለማየታቸው ያንገበግባታል። «አንድ ሳምንት፣ ከእኩዮቻችሁ ጋር በቡድን፣ ወጪው በኔ» አለች። «እናንተ ብቻ የሚታመን አስጎብኚ ምረጡ። ዛሬ ማታ ስደውል ቁርጡን ትነግሩኛላችሁ፤ ቦታ እይዛለሁ።» መምረጡ የአባትየው ድርሻ ሆነ፤ የማን ሊሆን ኖሯል? በትልቁ መናኸሪያ፣ ስምሪት ክፍል ውስጥ፣ ጸጉሩ እስኪሸብት አውቶቡስ ሲያስነሳ የኖረ ሰው ነው። ሾፌሮቹ ያወጡለት ስም «ደቂቃ» ነበር፤ ጡረታ ከወጣ በኋላም የሰፈሩ ሰው ሳይቀር በዚሁ ይጠራዋል። ተሳፋሪ ውሃ ገዝቼ ልምጣ ቢል፣ ሕፃን ሽንቱ ቢመጣ፣ ሙሽራ ቢዘገይ፣ ደቂቃ ምን ገዶት! ሰዓቱ ሲደርስ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ሁለቴ ይመታል፤ ሾፌሩ ያንን ድምፅ ሲሰማ ዞሮ ሳያይ ይነዳል። ስንቱን ሰው ወደ ባሕር ሸኝቷል። እሱ ራሱ ግን ከከተማው ዳርቻ እምብዛም አላለፈም።

ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ ጠረጴዛው ላይ ሻይና ዳቦ ቀርቧል። የሳሎኑ ሶፋ ጎድጉዷል፣ መጋረጃው ታጥቦ ታጥቦ ቀለሙ ጠፍቷል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የልጃቸው የምርቃት ፎቶግራፍ ቆሟል። ሚስቱ አገጩን አይታ ጥጥ ቀድዳ ሰጠችው። ጉልበቷን ለማሳረፍ አንድ እጇን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ነበር የቆመችው። ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆማ ያረጀች ሴት ናት፤ ጉልበቷ ከእሷ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ደቂቃ «መቼ ነው ጥዬሽ የሄድኩት?» ሊላት አፉን ከፈተ። የወጣው ግን «አስጎብኚዎቹን አይቼ እመጣለሁ» የሚል ሆነ። «ሻይህስ?» አለችው። «ስመለስ።» ስትመለስ ይቀዘቅዛል አላለችም፤ ኩባያውን በሰሃን ከደነችውና ወደ ኩሽናዋ ዞረች። ሁለቱም ዝም ሲሉ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የግድግዳ ሰዓቱ ነው፤ እሱን ደግሞ በየእሑዱ የሚሞላው ደቂቃ ነው።

ደረጃውን ወርዶ መንገድ ሲገባ ክርክሩ በራሱ ውስጥ ተጀመረ። ጥሎኝ ይሄዳል! ሰው እንዲህ ይላል? ይኼን ሁሉ ዘመን አብሮ ኖሮ፣ ልጅ አሳድጎ፣ ታማ ስትተኛ ሾርባ አሙቆ! ባለፈው ሳምንት ገበያ ሲሄዱ እሱ ቀድሞ ደርሶ፣ ሽንኩርቱን መርጦ፣ ከፍሎ፣ ዘንቢሉን ይዞ ሲመለስ እሷን መንገድ ላይ አገኛት፤ ታዲያ ይኼ እገዛ ነው እንጂ መጣል ነው? የዘመድ ሠርግ ላይ አዳራሽ ገብቶ ቦታ ይዞ ጠበቃት። እርግጥ ስትደርስ ምሳው ተነስቶ ነበር። ሐኪም ቤትም ተራ ሊይዝላት ቀድሞ ሄዶ፣ ስሟ ሲጠራ እሷ ገና በሩ ላይ ነበረች፤ ነርሷ «አባባ፣ በሽተኛዋ የት አሉ?» ብላ ሰው አስቃበታለች። ይኼ ሁሉ ቀደም ማለት ነው። ቀደም ማለትና ጥሎ መሄድ እንዴት አንድ ይሆናል? እንዲህ እያለ ሲገሰግስ ሁለት ሴቶችና አንድ ጋሪ ገፊ አልፎ ሄደ፤ ማንም ባያባርረውም ላብ አጥምቆት ነበር የመጀመሪያው ቢሮ የደረሰው። የሚመርጠው ድርጅት ዛሬ ይታያል። እንከን የሌለው፣ ልቧን ጥላ የምትሳፈርበትን ድርጅት አግኝቶ ሁለት ቦታ ብሎ ይመለሳል። ያኔ ማን ማንን እንደሚጥል እናያለን።

ቢሮው ሙሉ በሙሉ መስታወት ነው። ግድግዳው ላይ የባሕር ዳርቻ ፖስተር ተለጥፏል፤ ነጭ ጸጉር ያላቸው ባልና ሚስት አሸዋ ላይ በባዶ እግራቸው ይሮጣሉ፤ በዚያ ዕድሜ ለምን እንደሚሮጡ እግዜር ይወቀው። ከረባት ያሰረው ወጣት ተነስቶ ወንበር ሳበለትና «አባታችን፣ እኛ ጋ ፕሮግራም ማለት ፕሮግራም ነው» ብሎ ጀመረ። መነሻ፣ ቁርስ፣ ጉብኝት፣ ማረፊያ፣ ሁሉም በተባለው ሰዓት ነው፤ ንቅንቅ የለም። የደቂቃ ልቡ ሞቅ አለ። ስለ ሾፌሮቹ ጠየቀ፤ ተራ በተራ የሚነዱ ሁለት ናቸው። ስለ ጎማ ጠየቀ፤ ወጣቱ አልሰለቸም። በመጨረሻ፣ ዝም ብሎ ለማወቅ ያህል፣ «የዘገየ ሰው ቢኖርስ?» አለ። ወጣቱ ለዚህ ጥያቄ የሚያኮራው መልስ እንዳለው ፊቱ ላይ አስታወቀ። «አንጠብቅም አባታችን። የዘገየ መንገደኛ በራሱ መኪና ይከተላል። ለአንድ ሰው ሲባል ሌላው መጉላላት የለበትም።» ይህን ዓረፍተ ነገር ደቂቃ ራሱ መናኸሪያው ውስጥ ስንት ጊዜ ጮኾበታል! «ትክክል!» አለ፤ ጠረጴዛውንም መታ። ወዲያው ወጣቱ «ባለቤትዎ ደረጃ ይወጣሉ?» ሲለው ግን፣ «እንደ ፍየል ነው የምትዘለው» ብሎ ዋሸ። ለምን እንደዋሸ አልገባውም። ብሮሹሩን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ አስቤ እመለሳለሁ ብሎ፣ ሳያስብ ወጣ።

ሁለተኛው ድርጅት ሊፍት የሌለው ሕንጻ ላይ፣ ከጥርስ ሐኪምና ከዊግ መሸጫ በላይ ነበር። የአረጋውያን ጉዞ እንመራለን የሚል ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ መክፈቱ ደቂቃን ገና ደረጃው ላይ ነገር አስጀመረው። ከላይ የተቀበለችው ሴት ደግሞ እምቢ የሚል ቃል አታውቅም። ባሕሩን የሚያይ መኝታ? ይኖራል። ጨው የሌለው ምግብ? እንዴታ። ዊልቸር? ችግር የለም። የሚነዳው ማነው ሲላት «ጎበዝ ሾፌር ነው» አለች። ስሙስ? ፈገግ አለች። አውቶቡሱስ የራሳችሁ ነው? «ያው በወቅቱ ከሚገኘው እንይዛለን አባባ።» ይህን ሁሉ ስታወራ ከኋላዋ ስልክ ይጮኻል፤ ዞር ብላም አላየችው። ደቂቃ የሚደውለውን ሰው አሰበ። አንድ ቦታ፣ ነዳጅ ማደያ አጠገብ፣ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ የምትደውል ሴት ታየችው፤ ሴትየዋ አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ባርኔጣውን አንስቶ ደረጃውን ሲወርድ ስልኩ እስከ ዊግ መሸጫው ድረስ ይሰማው ነበር።

መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ቆም ሲል አንድ የድሮ ሾፌሩን አገኘ። ሰውየው አሁን ዓይኑ ደክሞ፣ ሌሎች ሲነዱ እያየ ነው የሚውለው። ደቂቃ ጭንቀቱን ሙሉውን ሳይሆን ግማሹን ነገረው፤ የሚታመን አስጎብኚ እየፈለግሁ ነው አለው። ሾፌሩ ሳቀ። «አንተ አትወዳቸውም እንጂ፣ የሚታመኑስ አሉ። ሰዓት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። አሮጊቶቹ ግን ከእነሱ ሌላ ብትገድሉን አንሳፈርም ይላሉ።» «ቢሯቸው የት ነው?» «ምን ቢሮ አላቸው! ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ካለው ሜዳ ይነሳሉ። ይነሳሉ ማለቴ፣ እንነሳለን ይላሉ።» ደቂቃ ሻዩን ትቶለት ሄደ። ጠዋት አንድ፣ አሁን አንድ፤ ዛሬ ሻይ አልቀመሰም። አስጎብኚ የሚታወቀው ቢሮው ውስጥ ሳይሆን ሲነሳ ነው ብሎ አሰበ፤ ይህንም ሐሳብ ከጠዋቱ ባለማሰቡ በራሱ ተናደደ።

ሜዳው ላይ ሲደርስ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ጎማው ደህና ነው፣ መስታወቱ ንጹሕ ነው፣ ሾፌሩ ጎልማሳና የረጋ ነው፤ ዙሪያውን ዞሮ ሁሉንም አየ። የሚያሳብደው ሰዉ ነበር። ትራስ የያዘ፣ ታጣፊ ወንበር ያነገተ፣ የመድኃኒት ቦርሳ ያንጠለጠለ፣ ወጥቶ የሚወርድ፣ ወርዶ የሚወጣ። አንድ ሽማግሌ አንድ እግራቸውን መሳፈሪያው ላይ አድርገው ስለ ቀዶ ጥገናቸው ያወራሉ፤ ከኋላ ያሉት ይገፋሉ እንዳይባል ቆመው ያዳምጣሉ። መንገደኞቹ «አለቃ» የሚሏት ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና አስጎብኚ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ትላለች። የተሳፋሪዎች ዝርዝር የለ፣ ፊሽካ የለ፤ እጇ ላይ ያለው የአንዲት ሴትዮ ከዘራ ብቻ ነው። እኩለ ቀን ደረሰ። አለፈ። ደቂቃ ሰዓቱን አየ፣ የፖስታ ቤቱን ሰዓት አየ፣ ተመልሶ የራሱን አየ። እሱን የሚጠብቀው የለም፣ የሚሄድበትም የለም፤ ግን እግሩን ቀያየረ። ባርኔጣውን አውልቆ አጠለቀ። በቀዶ ጥገናው ታሪክ ውስጥ ሁለተኛው ሐኪም ሲገባ ጥርሱን ነከሰ።

በመጨረሻ ሽማግሌው ገቡ። ሜዳው ባዶ ሆነ። ውስጥ ሁለት ሰዎች በመስኮት በኩል ባለ ወንበር ተጨቃጭቀው አለቃ ልታስታርቅ ወደ ኋላ ስትሄድ ደቂቃ በመስታወቱ አያት። ሾፌሩ ማርሽ አስገብቶ፣ ስፖኪዮውን እያየ፣ ምልክት ይጠብቃል። ሁሉም ነገር ዝግጁ ነው፤ ግን አይነሳም። እንዲህ ያለ ነገር ደቂቃን ገሃነም ውስጥ ከመቆም አይለይበትም። ሦስት እርምጃ ተራመደ፤ ክንዱ በራሱ ተነሳ፤ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ሁለቴ መታ። «ሳበው!»

ሾፌሩ ዞሮ ሳያይ ነዳ። አውቶቡሱ ሜዳውን አቋርጦ፣ ለአንድ ብስክሌት ክላክስ አሰምቶ፣ በማዕዘኑ ዞረ። ደቂቃ ደረቱ ሰፋ አለ፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ቀሎት አያውቅም። መዳፉን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሊሄድ ሲዞር፣ ፖስታ ቤቱ አጠገብ ካለው ካፌ፣ ከመጸዳጃው በር፣ አንዲት ሴትዮ በዝግታ ስትወጣ አየ። ባለ አበባ ሻርፕ ለብሳለች፤ እርጥብ እጇን እያራገፈች ነው። ሜዳው መሃል ድረስ መጥታ ቆመች። አውቶቡሱ የነበረበትን ቦታ አየችው፤ ግራ ቀኝ አየች፤ ከዚያ እሱን አየችው።

«ወንድሜ፣ እዚህ የነበረው መኪና ወዴት ተዛወረ?»

ደቂቃ በሕይወቱ ስንት ሰው ከኋላ አስቀርቷል። የቀሩትን ሰዎች ፊት ግን አይቶ አያውቅም፤ አውቶቡሱ ሲወጣ እሱ ወደ ሌላው አውቶቡስ ይዞራል። አሁን የሚዞርበት ሌላ አውቶቡስ አልነበረም። «ሄደ» አለ። «ሾፌሩ ችኩል ነው መሰለኝ።» ሴትየዋ ደረቷን ያዘች። ቦርሳዬ እዚያ ነው፣ ስልኬ እዚያ ነው፣ መነጽሬ እዚያ ነው፣ ከዘራዬን አለቃ ይዛልኛለች አለች፤ ለእሱ ሳይሆን ለራሷ። እግሯ ሲንቀጠቀጥ ባየ ጊዜ ሮጦ ካፌው ገባና የለስላሳ ሳጥን ለምኖ አመጣ፤ ገልብጦ አስቀመጣት። ስትቀመጥ ክንዱን ያዘች። ከመቆም ወደ መቀመጥ ለመድረስ ስንት ነገር እንደሚያልፍ፣ መጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ ወገብ፣ ከዚያ አንደኛው ጉልበት፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ደቂቃ ክንዱ ላይ ተሰማው። በየቀኑ ቤቱ ውስጥ የሚሆን ነገር ነው። ግን ሁልጊዜ ሲያልቅ ነው የሚያየው።

«እኔ ነኝ» አለ በድንገት። «ማለት?» «አውቶቡሱን የመታሁት እኔ ነኝ። ስምሪት ነበርኩ። እጄ ነው፣ ልማድ ነው።» ሴትየዋ ከታች ወደ ላይ አየችው፤ ፀሐይ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ነበርና ጠበብ አድርጋ። «አንተ ደግሞ ምን አገባህ?» አለችው። «ዘመድህ ነበር የሚሄደው? እጅህን ከበላህ ቤትህ ሄደህ በርህን አትመታም?» ደቂቃ ታክሲ ይዤ ልከተላቸው አለ፤ በገዛ ገንዘቤ አደርስዎታለሁ አለ። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች። «ቁጭ በል። ይመለሳሉ።» እሱ እንደማይመለሱ ያስረዳት ጀመር። ያ መንገድ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ለመመለስ እስከ ድልድዩ ሄዶ መዞር ይጠይቃል፤ የጫነ አውቶቡስ ለአንድ ሰው ብሎ ያን ሁሉ ዞሮ አይመጣም፤ በእሱ ዘመን አንድም ተመልሶ አያውቅም። «በአንተ ዘመን» አለች ሴትየዋ። «ባለፈው ዓመት ጫካው ጋ ስቀርም ተመልሰዋል።» ደቂቃ ሳያስበው «የዚያንስ ጊዜ ማን መታው?» አለ፤ ሴትየዋ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ፊቷን አጠቆረች፤ ይቅር ያለችው እንዳይመስለው።

ጠበቁ። ቁጭ በል ተብሎ የሚቀመጥበት ስላልነበረ እሱ ቆመ። መሄድ አልቻለም፤ መቆምም አልቻለም። ወደ ማዕዘኑ ይሄዳል፣ አንገቱን ያሰግጋል፣ ይመለሳል። ሴትየዋ «አታዙረኝ» አለችው። ከሁሉ የከፋው መጠበቁ አልነበረም፤ ላይመለሱ መቻላቸው ነበር። ተመለሱ ብሎ የሚያዝበት መዳፍ የለም። እሷ ግን ሻርፗን አስተካክላ፣ ዓይኗን ማዕዘኑ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሚስቱ እንዲህ ዓይኗን ተክላ አትጠብቀውም። ገበያው መንገድ ላይ ሲያገኛት ወደ እሱ አቅጣጫ እያየች አልነበረም፤ መሬት መሬት እያየች፣ እርምጃዋን እየመረጠች ነበር። እንደሚመለስ ሰው አልቆጠረችውም። ይህ ሲገባው ደቂቃ አፈረ፤ ከማፈርም አልፎ ከፋው፤ ካፌው ግድግዳ ላይ ተደገፈና ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ዝቅ አደረገ።

አውቶቡሱ መጣ። በሄደበት ሳይሆን በማዶ በኩል፣ በድልድዩ ዞሮ፣ ጥሩምባውን እየነፋ መጣ። በየመስኮቱ ራስ ወጥቷል፤ የሚስቅ አለ፣ የሚያጉረመርም አለ፤ የቀዶ ጥገናው ሽማግሌ «ባሕሩ ሳይደርቅ እንድረስ እንጂ!» ይላሉ። አለቃ አውቶቡሱ ሳይቆም ከዘራውን ይዛ ወረደች፤ ሴትየዋን እቅፍ አድርጋ አነሳቻትና፣ ስታበቃ፣ «ማነው የመታው?» አለች። ጎርናናው ድምፅ ሜዳውን ሞላው። ደቂቃ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። ያን ጊዜ የወረደበትን ውርጅብኝ እዚህ መድገም አያስፈልግም፤ አባባ ብትለውም አላዘነችለትም፣ አንቱ ብትለውም አላከበረችውም። እሱም ባርኔጣውን በእጁ ይዞ እስከ መጨረሻው ሰማት። ሲያልቅላት «እንዴት አወቃችሁ?» አላት። «ምኑን?» «እንደቀረች። ዝርዝር የላችሁም፣ አትቆጥሩም፤ ሳያችሁ ነበር።»

«እኛ አንቆጥርም» አለች አለቃ። «እዚህ ሰው ሁሉ ጎረቤት አለው። አጠገቡ የሚቀመጠውን። ስንነሳ ‹ጎረቤት!› እላለሁ፤ ሁሉም ጎኑን ያያል። የጎደለበት ይጮኻል። ዛሬ እርስዎ መኪናዬን ነዱብኝና ሳልጠራ ተነሳን። ድልድዩ ጋ ስጣራ ከጎኗ ያለችው ‹የኔ የለችም!› ብላ ጆሮአችንን አደነቆረችው።»

ደቂቃ በመስኮቱ ቀና ብሎ አየ። አንዲት ቀጭን ሴት የጎረቤቷን ቦርሳ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ወደ እሱ ክፉኛ እያየች ነበር። እሱ በዚያች ሴት ቦታ ቢሆን፣ ሚስቱ ከጎኑ ብትጎድል፣ ‹ጎረቤት!› ሲባል ወዴት ነበር የሚያየው? መልሱን ሳይፈልግ አገኘው፤ ሰዓቱን ነበር የሚያየው። «ለሚቀጥለው ወር ሁለት ቦታ ይኖራችኋል?» አለ። አለቃ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ለእርስዎ?» «ለእኔና ለባለቤቴ። እሷ ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ አትወጣም፣ ትዘገያለች።» ይህንን ሲናገር የመስታወቱ ቢሮ ውስጥ የዋሸው ውሸት ከጉሮሮው ላይ የወረደ መሰለው። «የእሳቸው ችግር የለም» አለች አለቃ። «ያስፈሩኝ እርስዎ ነዎት። አውቶቡሴ አጠገብ ሲደርሱ እጅዎ ኪስዎ ውስጥ ይሁን።» ከዚያ ተሳፈረች፤ በሩ ሳይዘጋ «ጎረቤት!» ስትል ተሰማ፤ ሴትየዋም ከውስጥ «አለሁ፣ አለሁ!» አለች። በስንት ሰዓት እንደተነሱ ደቂቃ አላየም።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ድንች ትልጣለች። የጠዋቱ ሻይ እዚያው ሰሃኑ ስር ነበር፤ እንደቀዘቀዘ ጠጣው። ሬዲዮው ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ያወራል።  «አገኘህ?» አለችው ቀና ሳትል። «አገኘሁ።» «ሰዓት ያከብራሉ?» «የለም።» ቢላዋው ቆመ። «በፍጹም አያከብሩም» አለ ደቂቃ። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገራት፤ መዳፉን፣ ሻርፗን፣ የለስላሳ ሳጥኑን፣ ውርጅብኙን። አውቶቡሱን የመታበት ላይ ሲደርስ ሚስቱን ሳቅ አፈናት፤ ድንቹን ጣል አድርጋ በክንዷ ዓይኗን ጠረገች። የሴትየዋ እግር መንቀጥቀጥ ላይ ሲደርስ ግን ሳቁ ጠፋ። «ጠዋት በስልክ ያልሽውን ሰምቻለሁ» አላት። እሷም መስማቱን እንዳወቀች ነገረችው፤ አገጩን ያየች ጊዜ። ተሳስቼ ነው አላለችም፣ ይቅርታም አልጠየቀችም። ደቂቃ አንድ ነገር ትላለች ብሎ ጠበቀ። ድንቹን ልጣ ጨረሰችና «ዳቦ አልቋል፤ አብረን እንውረድ» አለች።

ሹራብ ደረበ፣ ዘንቢሉን አነሳ፣ ዳቦ ቤቱ ሳይዘጋ እያለ ወረደ። ምድር ቤት ደርሶ የሕንጻውን በር ገፍቶ አንድ እግሩን መንገድ ላይ ካሳረፈ በኋላ ነው ከኋላው ምንም ድምፅ አለመኖሩ የገባው። ቆመ። ዛሬ፣ ያ ሁሉ ከሆነ በኋላ፣ እንደገና! በሩን ለቀቀና ጆሮውን ወደ ደረጃው ሰጠ። ከላይ፣ ራቅ ካለ ቦታ፣ አንድ እግር አንዱን ደረጃ ነካ፤ ከዚያ ዝምታ፤ ከዚያ ሌላው እግር። ከዚያ ረጅም ዝምታ። ጎረቤት ቢያየው ምን ይላል ሳይል ደረጃውን ወደ ላይ ተያያዘው፤ የራሱ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ እስኪል ወጣ። ሚስቱ መታጠፊያው ላይ፣ አንዱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን ታሻለች። ዘንቢሉን እንደታቀፈ ፊቷ ቆመ።  እሷ ለአፍታ ትኩር ብላ አየችው፤ በዚያ ደረጃ ላይ ወደ ታች ሲሄድ እንጂ ወደ ላይ ሲመጣ አይታው ስለማታውቅ ይሆናል።

«ዘገየህ» አለችው።

አጠገቧ ቁጭ አለ። ደረጃው ጠባብ ነውና ትከሻቸው ተነካካ። የመተላለፊያው መብራት ጠፋ፤ አንዱ ጎረቤት በሩን ሲከፍት ተመልሶ በራ። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ጮኸ፤ ልጃቸው ናት። «እሺ እማዬ፣ ተወሰነ ወይ? አንድ ቦታ ልያዝ ወይስ ሁለት?» ድምፅዋ ከስልኩ ወጥቶ ለእሱም ይሰማ ነበር። ሚስቱ ከጎኗ ትንፋሹን የሚሰበስበውን ሰውዬ አየችው፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቷል።

«ሁለት» አለች። «ግን ስትይዥ አባትሽን በመስኮቱ በኩል አድርጊልኝ። እኔ ሳልነሳ መውረድ እንዳይችል።»